የኦፕን ሶርስ ማኅበረሰብን ለሚያጠኑ፦ የማያዳላ የመጠይቅ ጥያቄ አጻጻፍ

«የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት መሪዎች ለጀማሪዎች የሚያሳዩት ንቀት ኮድ ከመላክ ምን ያህል አግዶዎታል?» የሚል ጥያቄ፣ ኦፕን ሶርስን ማለትም የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌርን በሚመለከት አንድ የመመረቂያ ጥናት መጠይቅ ላይ ቢቀርብልዎ፣ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ሳያውቁት ተቀብለዋል፦ ንቀት መኖሩን፣ ንቀቱ ከመሪዎቹ መምጣቱን፣ እርስዎም በዚያ ምክንያት መታገድዎን። «ምንም አላገደኝም» የሚለውን አማራጭ ቢመርጡ እንኳ ንቀቱ እንዳልበገረዎት መናገርዎ ነው እንጂ ንቀት አላየሁም ለማለት ቦታ አልተተወልዎትም። ከእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚገኘው አኃዝ በሰንጠረዥ ሲቀመጥ ያምራል፤ የሚነግረን ግን የመላሾቹን ገጠመኝ ሳይሆን የጠያቂውን ግምት ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በአራት ኪሎና በአምስት ኪሎ ግቢዎች የመመረቂያ ጥናት ለሚሠሩ ተማሪዎች፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ቢሮዎች ውስጥ የሥራ ባልደረቦቻቸውን የሶፍትዌር አጠቃቀም ለማወቅ ለሚፈልጉ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የፕሮግራመሮች የቴሌግራም ግሩፕ ለሚያስተዳድሩና አባሎቻቸውን አንድ ነገር መጠየቅ ለሚሹ ሁሉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የሚመዘኑበት መለኪያ አንድ ነው፦ ከጥናት አድራጊው ግምት ጋር የሚጋጨውን መልስ መስጠት፣ ግምቱን የሚደግፈውን መልስ ከመስጠት የበለጠ ድፍረትም ሆነ ድካም ሊጠይቅ አይገባም። ይሉኝታ በሚከበርበት አገር ይህ መለኪያ በተለይ ያስፈልጋል፤ ጠያቂው ምን መስማት እንደሚፈልግ ከጥያቄው ቃና የተረዳ መላሽ፣ ላለማስቀየም ሲል ብቻ ያንኑ መልስ ይሰጣልና።

አንደኛ፦ ግምትዎን አስቀድመው ይጻፉት

የመጀመሪያውን ጥያቄ ከመጻፍዎ በፊት ከጥናቱ ምን እንደሚጠብቁ በአንድ ገጽ ላይ በግልጽ ያስፍሩ፤ ከሥሩም የዚያን ተቃራኒ ይጻፉ። ለምሳሌ «የአዲስ አበባ ፕሮግራመሮች ኦፕን ሶርስ ይጠቀማሉ እንጂ አያበረክቱም» ብለው የሚገምቱ ከሆነ፣ ተቃራኒው «ያበረክታሉ፣ አስተዋጽኦዋቸው ግን በኮሚት (በተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ቁጥር አይታይም» የሚል ሊሆን ይችላል። ባግ (የፕሮግራም ስሕተት) ሪፖርት የሚያደርግ፣ ዶክመንቴሽን (የፕሮግራሙን ማብራሪያ ጽሑፍ) የሚያስተካክል፣ የአንድን ፕሮግራም ሜኑ ወደ አማርኛ የሚመልስ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የጀማሪዎችን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ሁሉ አበርካች ነው። መጠይቁ «ስንት ፑል ሪኩዌስት (እንዲካተት የቀረበ የኮድ ለውጥ) ልከዋል?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ይህ ሰው «ዜሮ» ብሎ ይወጣል፤ ግምትዎም ሳይፈተን ይጸድቃል።

ጥያቄዎቹን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ወደዚህ ገጽ ይመለሱና፣ ተቃራኒው ውጤት እውነት ቢሆን በየትኛው ጥያቄ መልስ ላይ እንደሚታይ በጣትዎ ያመልክቱ። ማመልከት ካልቻሉ መጠይቁ ገና አላለቀም።

ሁለተኛ፦ ማንን፣ ስለ ምን እንደሚጠይቁ ይለዩ

«ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ተጠቅመው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ቀና ይመስላል፤ የሚለካው ግን አጠቃቀምን ሳይሆን ስሙን ማወቅን ነው። የፋይዳ መታወቂያ ለማውጣት ተሰልፎ አሻራውን የሰጠ ሰው የተመዘገበው ሞሲፕ በተባለ፣ ከሕንድ የባንጋሎር ከተማ በተነሣ የኦፕን ሶርስ ሥርዓት ላይ ነው። በጤና ተቋም ወርኃዊ ሪፖርት የምታስገባ ባለሙያ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውን ዲኤችአይኤስ2 የተባለ ክፍት ሥርዓት ትጠቀማለች። አንድሮይድ ስልክ በኪሱ የያዘ ሁሉ ደግሞ የሊነክስ ከርነል የተባለውን የኦፕን ሶርስ ሥርዓተ ክወና እምብርት ይዞ ይዞራል። ሦስቱም «ተጠቅሜ አላውቅም» ቢሉ አልዋሹም፤ የተጠየቁት ስለማያውቁት ስያሜ ነው።

ችግሩ በተቃራኒው በኩልም አለ። «ነጻ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ?» ብለው ከጠየቁ፣ ከጓደኛው በፍላሽ የቀዳውን ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ የሚጠቀም ግራፊክስ ሠሪ ያለ አንዳች ተንኮል «አዎ» ይላል፤ ገንዘብ አልከፈለበትምና። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት አጭር መግለጫ ያስቀድሙ፦ «በዚህ መጠይቅ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ስንል፣ የምንጭ ኮዱ ለሁሉም የተገለጠና ማንኛውም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረውና እንዲያሰራጨው በፈቃድ ጽሑፉ የተፈቀደለት ፕሮግራም ማለታችን ነው።» ከመግለጫው ቀጥሎ ሊነክስ፣ ፋየርፎክስ፣ ሊብሬኦፊስ፣ ቪኤልሲ፣ ዎርድፕረስ፣ ሙድል፣ ፖስትግሬስ እያሉ በስም ይዘርዝሩና መላሹ የሚጠቀምባቸውን ምልክት እንዲያደርግ ያድርጉ። ሰው የሚሠራበትን ፕሮግራም ያውቃል፤ የፈቃድ ዓይነት እንዲለይ ግን የግድ አይጠበቅበትም። በመግለጫው ውስጥ ክራክ የተደረጉ ፕሮግራሞችን በነቀፌታ ቃል ማንሣት አያስፈልግም፤ እዚህ ላይ የተነቀፈ መላሽ ቀጣዮቹን ጥያቄዎች በጥርጣሬ ይመልሳል።

«ማኅበረሰቡ» የሚለውን ቃልም ብቻውን አይተዉት። ተጠቃሚ፣ አልፎ አልፎ ኮድ የሚልክ፣ ፕሮጀክቱን የሚመራ ሜንቴይነር፣ ለፕሮጀክቱ እንዲሠራ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ፣ አራቱም ማኅበረሰብ ናቸው፤ ጥያቄው የሚመለከተው የትኛውን እንደሆነ ካልተነገራቸው ግን እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ስለተለያየ ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ ረቂቁን ከተሸከመው ግምት ያራግፉ

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። በውስጡ የታጨቁትን ግምቶች ለየብቻ ጥያቄ ስናደርጋቸው እንዲህ ይሆናሉ።

በመጀመሪያ «ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት የኮድ፣ የዶክመንቴሽን ወይም የትርጉም ለውጥ ልከዋል?» ይባላል። ልኬአለሁ ያለው ሰው «ለመጨረሻ ጊዜ የላኩት ለውጥ ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አማራጮቹም «ተቀባይነት አገኘ»፣ «ማስተካከያ ተጠይቄበታለሁ»፣ «ምክንያቱ ተገልጾልኝ ውድቅ ሆነ»፣ «ምክንያቱ ሳይገለጽልኝ ውድቅ ሆነ»፣ «እስካሁን ምላሽ አላገኘሁም» የሚሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ «በዚያን ጊዜ ያገኙት ምላሽ አነጋገሩ እንዴት ነበር?» የሚለው ይከተላል፤ አማራጮቹ «በጣም አክብሮት የተሞላበት» ከሚለው ተነሥተው «በጣም አክብሮት የጎደለው» እስከሚለው ይደርሳሉ። ንቀት ካለ እዚህ ይታያል፤ ከሌለም አለመኖሩ ይታያል።

አልላክሁም ላለው ሰው «ያልላኩበት ዋና ምክንያት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከአማራጮቹ መካከል የጊዜ እጥረት፣ የኢንተርኔት ዋጋና መቆራረጥ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ከየት መጀመር እንዳለበት አለማወቅ፣ የአሠሪ መሥሪያ ቤት ክልከላ፣ የሰዎቹ አቀባበል ይኖራሉ፤ «የማበርከት ፍላጎት የለኝም» የሚለውም ከእነርሱ እኩል ሊቀመጥ ይገባዋል። ኦፕን ሶርስን የሚወዱ ጥናት አድራጊዎች አዘውትረው የሚረሱት አማራጭ ይህ ነው። ሁሉም ሰው ማበርከት እንደሚፈልግና አንድ ነገር እንደያዘው አድርጎ መጠየቅ፣ ያልፈለገውን ሰው የሌለ ሰበብ እንዲፈጥር ያስገድደዋል።

ቀጥሎ «እና» እንዲሁም «ወይም» የሚሉትን ቃላት በረቂቁ ውስጥ ይፈልጉ። «የፕሮጀክቱ ዶክመንቴሽን የተሟላና ለመረዳት ቀላል ነው?» የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው፤ የተሟላ ሆኖ የማይገባ ዶክመንቴሽን ሞልቷል። ይህ ስሕተት በትላልቅ ጥናቶች ውጤት አገላለጽ ላይም ያጋጥማል። የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው የኦፕን ሶርስ ጥናት ከ3,800 በላይ ከሆኑ ፕሮጀክቶች በዕጣ የተመረጡ 5,500 ያህል መላሾችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰለት ውጤት 93 በመቶ የሚሆኑት ያልተሟላ ወይም ጊዜ ያለፈበት ዶክመንቴሽን አጋጥሟቸዋል የሚለው ነው። አኃዙ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ሰዎቹን ያስቸገራቸው የጎደለው ክፍል ይሁን ያረጀው ክፍል ከዚህ ቁጥር ብቻ መለየት አይቻልም። ለማስተካከል ያሰበ ፕሮጀክት ግን ማወቅ የሚፈልገው በትክክል ይህንኑ ነው። የዚያ ጥናት ጥያቄዎችና መረጃዎች ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ ሌላ ከመፍጠርዎ በፊት ቢመለከቷቸው ይጠቅማል፤ ይህ ግን እንዳሉ ይቅዷቸው ማለት አይደለም።

ስሜት የሚቀሰቅሱ ቃላት በተለይ ስለ ፈቃድ ሲጠየቅ ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሬዲስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ባለቤት ኩባንያ ማንም እንደፈለገ እንዲጠቀምበት ከሚያስችለው የቀድሞ ፈቃድ ወጥቶ የደመና አገልግሎት ሰጪዎችን የሚገድብ ፈቃድ ሲመርጥ፣ ቀድሞ ያበረክቱ ከነበሩት የተወሰኑት በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር ከቀድሞው ኮድ የተነሣውን፣ ቫልኪ የሚባለውን ቅጂ ጀመሩ። አንዱ ወገን ድርጊቱን ክህደት ይለዋል፤ ሌላው ሳያበረክቱ ከሚያተርፉ ግዙፍ ኩባንያዎች ራስን መከላከል ይለዋል። መጠይቅዎ ከሁለቱ የአንዱን ቃል ከተዋሰ ወገን ለይቷል። «ሬዲስ በ2024 የፈቃድ ለውጥ ማድረጉን ሰምተዋል?» ብለው ይጀምሩ፤ ለሰሙት ብቻ «ለውጡን ይደግፋሉ፣ ይቃወማሉ ወይስ አቋም የለዎትም?» ብለው ይቀጥሉ።

«መከልከል» እና «አለመፍቀድ» እንኳ በመላሹ ጆሮ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1941 በታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ሙከራ፣ ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር በአደባባይ «ሊፈቀድ ይገባል?» ተብለው ከተጠየቁት ውስጥ 62 በመቶው ሊፈቀድ አይገባም ሲሉ፣ «ሊከለከል ይገባል?» ከተባሉት ሌሎች መላሾች ግን ይከልከል ያሉት 46 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተግባር ልዩነት የሌላቸው ሁለት ጥያቄዎች የ16 ነጥብ ልዩነት አመጡ። ስለዚህ ኩባንያዎች ኮዱን ለንግድ ስለመጠቀማቸው ሲጠይቁ ሁለቱንም ወገን በጥያቄው ውስጥ ይጥቀሱ፦ «ሊፈቀድላቸው ይገባል ይላሉ ወይስ ሊከለከሉ?» ናሙናው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው አጻጻፍ ጠይቆ ልዩነቱን ራሱን ማሳየት ይቻላል።

አራተኛ፦ አማርኛው ራሱ እንዳያዳላ ይጠንቀቁ

ከእንግሊዝኛ የተገኙ የመጠይቅ መመሪያዎች ይህን ክፍል አይነግሩንም፤ የአማርኛ ግሥ ጾታን ስለሚለይ ግን ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምርጫ ውስጥ እንገባለን። «ኮድ ልከህ ታውቃለህ?» የሚል መጠይቅ ሴት ፕሮግራመር እጅ ሲገባ ለእርስዋ እንዳልተጻፈ ወዲያው ትረዳለች። በእያንዳንዱ ግሥ ላይ በእዝባር ሁለቱንም መደርደር ንባብን ያደክማል፤ «እናንተ» ማለት ደግሞ ስለ ግለሰቡ ይሁን ስለ ቡድኑ እንደተጠየቀ ያምታታል። በእኔ እምነት «እርስዎ» የተሻለው መንገድ ነው። በወጣቶች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መምሰሉ አይካድም፤ ነገር ግን ማንንም አያስወጣም። ስለ ሦስተኛ ሰው ሲጽፉም «ሜንቴይነሩ ምን አለዎት?» ከሚለው ይልቅ «ፕሮጀክቱን የሚመሩት ሰዎች ምን አሉዎት?» የሚለው ይመረጣል፤ የመጀመሪያው መሪውን ሳይጠየቅ ወንድ አድርጎታል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አሉታዊ ጥያቄን ይመለከታል። «ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ኮድ ልከው አያውቁም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ቢል፣ «አዎ፣ ልኬ አላውቅም» ማለቱ ይሁን «አዎ፣ ልኬ አውቃለሁ» ማለቱ ከተሞላው ቅጽ አይለይም። ጥያቄውን በአዎንታ ይጻፉ፤ አማራጮቹንም «አዎ» እና «አይ» ብለው ከመተው «ልኬ አውቃለሁ» እና «ልኬ አላውቅም» ብለው ሙሉ ያድርጓቸው።

የዘመን አቆጣጠር ሦስተኛው ነው። ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም ታሪኩን በፈረንጆች ቀን ስለሚይዝ ፕሮግራመሩ ሥራውን የሚያስታውሰው በዚያ ሊሆን ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲ የገባበትን ግን የሚያስታውሰው በእኛ ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት ጀመሩ?» ለሚለው ጥያቄ «2012» የሚል መልስ ቢመጣ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ሊሆን የሚችል ዓመት ስለሆነ ስሕተቱን ማንም አይደርስበትም፤ በመካከሉ ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጠፋል። አቆጣጠሩን ከመግለጽም የሚሻለው «ከጀመሩ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?» ብሎ «ከአንድ ዓመት በታች»፣ «ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት» እያሉ መዘርዘር ነው። ስለ ሰዓትም እንዲሁ፤ «ከ2 እስከ 5 ሰዓት» ብለው ከጻፉ አንዱ በስልኩ ሰዓት ሌላው በልማዱ ይቆጥራል። «ከሥራ ሰዓት በፊት»፣ «በሥራ ሰዓት»፣ «ከሥራ መልስ እስከ እራት»፣ «ከእራት በኋላ» ቢባል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይረዳዋል።

የሙያ ቃላትን በተመለከተ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ይጠቀሙ። ፑል ሪኩዌስትን ለመተርጎም መድከም መላሹን ከማገዝ ይልቅ ያደናግረዋል። መጠይቁ በእንግሊዝኛም የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ የአማርኛውን ቅጂ ያላየ ሁለተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ያድርጉና ሁለቱን ያስተያዩ። በእንግሊዝኛ ብቻ መጠየቅ ቀላል ቢመስልም ናሙናውን ያዛባል፤ ከላይ በተጠቀሰው የጊትሃብ ጥናት እንኳ ከመላሾቹ ወደ ሩብ የሚጠጉት እንግሊዝኛን በጣም ጥሩ በሚባል ደረጃ እንደማያነቡና እንደማይጽፉ ተናግረዋል። እንግሊዝኛ ከብዶት ያልተሳተፈን ሰው «እንግሊዝኛ ከብዶዎታል?» ብሎ በእንግሊዝኛ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መወሰን ነው።

አምስተኛ፦ አማራጮቹን ያስተካክሉ

«ፕሮጀክቱን የሚመሩት ሰዎች ፈጣን ምላሽ ይሰጣሉ፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚለው ዓይነት አቀራረብ ለመጻፍ ቀላል ስለሆነ በየመጠይቁ ሞልቷል፤ እኔ ግን በተቻለ መጠን እንዲቀር እመክራለሁ። ሰው በአጠቃላይ ወደ መስማማት ያዘነብላል፤ ይሉኝታ ሲጨመርበት ደግሞ «እስማማለሁ» ማለት ትሕትና፣ «አልስማማም» ማለት ጠብ መፈለግ ይመስላል። በምትኩ ነገሩን ራሱን ይጠይቁ፦ «ለመጨረሻ ጊዜ ጥያቄ ወይም ለውጥ ሲልኩ የመጀመሪያውን ምላሽ ያገኙት መቼ ነው?» አማራጮቹም በዚያው ቀን፣ በሳምንት ውስጥ፣ በወር ውስጥ፣ ከወር በኋላ፣ ምንም አላገኘሁም የሚሉ ይሁኑ። «ፈጣን» ለአንዱ አንድ ሰዓት፣ ለሌላው አንድ ሳምንት ነው፤ ቀኑ ግን ለሁሉም ቀን ነው።

የአስተያየት መለኪያ ሲጠቀሙ በግራና በቀኝ ያሉት ደረጃዎች በቁጥርም በኃይልም እኩል ይሁኑ። «እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መጥፎ» የሚል መለኪያ ሦስት የምስጋና ቦታ ሰጥቶ ለወቀሳ አንድ ብቻ ትቷል። «አላውቅም»፣ «እኔን አይመለከትም» እና «መመለስ አልፈልግም» የሚሉት ሦስቱም የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ለየብቻ ይቀመጡ እንጂ «መካከለኛ» በሚለው ውስጥ አይጨመቁ።

ስድስተኛ፦ ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ

አጠቃላይ ጥያቄ ከዝርዝሩ ይቅደም፤ የቀደመ ጥያቄ የኋለኛውን መልስ ይቀይራልና። እ.ኤ.አ. በ1948 በተደረገ ሙከራ አሜሪካውያን፣ ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ኮሚኒስት ጋዜጠኞች አሜሪካ ገብተው እንዲዘግቡ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ቀድመው ሲጠየቁ ይፈቀድ ያሉት 36 በመቶ ነበሩ፤ የአሜሪካ ጋዜጠኞች ወደ ሶቪየት ኅብረት ይግቡ ወይ የሚለው ጥያቄ ሲቀድም ግን 73 በመቶ ደረሱ። ስለ ስድብና ስለ መድልዎ ዘርዝረው ከጠየቁ በኋላ «በአጠቃላይ በማኅበረሰቡ ውስጥ ምቾት ይሰማዎታል?» ቢሉ፣ የሚመልስልዎ መጥፎ ገጠመኙን አሁን ያስታወሱት ሰው ነው።

ሰባተኛ፦ ገንዘብ፣ ጾታና በደል

ስለ ገቢ ሲጠይቁ በብር፣ በወር፣ ግብር ከተቀነሰ በኋላ ወይም ከመቀነሱ በፊት መሆኑን ለይተው፣ በክፍልፋይ አማራጮች ይጠይቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈለውና በብር የሚከፈለው ፕሮግራመር ኑሮ ስለተራራቀ፣ የክፍያው ገንዘብ ዓይነት ራሱን የቻለ ጥያቄ ያስፈልገዋል። «ኦፕን ሶርስ ላይ በነጻ ጊዜዎን ያባክናሉ?» የሚል አጻጻፍ በቀልድ መልክም ቢሆን አይግባ።

በደልን ሲጠይቁ የድርጊቱን ስም ሳይሆን ድርጊቱን ይጥቀሱ። «ትንኮሳ ደርሶብዎታል?» ተብላ የተጠየቀች ባለሙያ፣ የደረሰባት ነገር ትንኮሳ ይባል አይባል ራሷ እንድትፈርድ ተገድዳለች፤ ብዙዎች ነገሩን አቅልለው «የለም» ይላሉ። «ተሰድበዋል?»፣ «በእንግሊዝኛዎ ተቀልዶብዎታል?»፣ «ያልፈለጉት የግል መልእክት ደርሶዎታል?» እየተባለ ሲዘረዘር ግን መመለሱ ይቀላል። አይቶ የሚያውቀውንና የደረሰበትንም ይለዩ። ከላይ በተጠቀሰው የጊትሃብ ጥናት በሌሎች መካከል መጥፎ ንግግር ወይም ድርጊት አይተናል ያሉት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ በራሳችን ላይ ደርሷል ያሉት 18 በመቶ ነበሩ፤ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ የሚያነሣ መጠይቅ የትኛውን እንደለካ አያውቅም።

ጾታ፣ ዕድሜና የሥራ ቦታ በመጨረሻ ይምጡ፤ የማያስፈልጉትም ይቅሩ። በዚያው ጥናት ከመላሾቹ 95 በመቶው ወንዶች፣ 3 በመቶው ሴቶች ነበሩ። በአዲስ አበባ ጠባብ የሙያ ክበብ ውስጥ ጾታን፣ የሚሠሩበትን ሰፈርና የሚሳተፉበትን ፕሮጀክት አንድ ላይ ከጠየቁ ስም ባይጻፍም ሰውዬዋ ትታወቃለች። ይህን የምታውቅ መላሽ ስለ በደል የምትመልሰው እየተጠነቀቀች ነው፤ ስለዚህ የማንነት ጥያቄዎች ብዛት የሌሎቹን ጥያቄዎች ሐቀኝነት ይነካል።

ስምንተኛ፦ አፍ አውጥተው እንዲያስቡ ያድርጓቸው

መጠይቁን ከመበተንዎ በፊት ከአምስት እስከ ስምንት ሰዎችን ለየብቻ ማኪያቶ ጋብዘው፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብለው እንዲያነቡና ምን እንደተጠየቁ በራሳቸው ቃል እንዲነግሩዎ ያድርጉ። አምስት ኪሎ አካባቢ ካፌ ለዚህ ችግር የለም። ሲያነቡ አያግዟቸው፤ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ብለው ማስረዳት ከጀመሩ፣ ያስረዱት ነገር ጥያቄው ውስጥ መግባት የነበረበት ነው። ከሰዎቹ መካከል ቢያንስ አንዱ በግምትዎ የማይስማማ ይሁን፦ ኦፕን ሶርስ የጊዜ ብክነት ነው የሚል፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ሜንቴይነር ሆኖ በጀማሪዎች የተማረረ። እንዲህ ያለው ሰው «እዚህ ላይ እኔ የምመርጠው የለም» የሚልበት ቦታ ሁሉ መስተካከል ያለበት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ በስልክና በሞባይል ዳታ ያስሞሉት፤ በኮምፒዩተር ላይ እኩል የሚታዩት አምስት አማራጮች በትንሽ ስክሪን ላይ ሦስቱ ብቻ ታይተው ሁለቱ ሊደበቁ ይችላሉ።

ዘጠነኛ፦ ግብዣውም ጥያቄ ነው

መጠይቁን የሚያስተዋውቀው መልእክት ማን እንደሚመልስ ይወስናል። «በኦፕን ሶርስ ዓለም ስላለው መድልዎ እናጠናለን» የሚል ግብዣ፣ መዳረሻውን እየጠራ ተሳፋሪ እንደሚሰበስብ ወያላ፣ ወደዚያው የሚሄዱትን ብቻ ይሞላል። «የሶፍትዌር ባለሙያዎች ከኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ጋር ስላላቸው ልምድ» የሚለው ግን ልምዱ መልካም ለሆነውም፣ መጥፎ ለሆነውም፣ ምንም ልምድ ለሌለውም ቦታ አለው። የሚወስደውን ጊዜ፣ ጥናቱን ማን እንደሚያካሂደውና ማን ገንዘብ እንደከፈለበት፣ መልሱ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ በግብዣው ላይ ይግለጹ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ አሰባሰብን በሕግ ስለሚገዛ፣ የፈቃደኝነት ማረጋገጫውን ከመጠይቁ ፊት ማስቀመጥ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም።

ከጊት ታሪክ ውስጥ ኢሜይሎችን ለቅሞ ለሁሉም መላክ የሚቻል ነገር ነው፤ አይደረግም። የፕሮጀክቱን መሪዎች አስቀድመው ያስፈቅዱ። ማኅበረሰቡ ሳያውቅ የሚጠናበትን ጥናት እንዴት እንደሚቀበለው እ.ኤ.አ. በ2021 ታይቷል፦ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሊነክስ ከርነል ሆን ተብሎ ጉድለት ያለበት ኮድ ልከው ገምጋሚዎቹን መፈተናቸው ሲታወቅ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ኮድ እንዳይቀበሉ እስከ ማገድ ተደርሷል። ያ መጠይቅ ሳይሆን ሙከራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ አጥኚ ሁሉ ግን በሩን አጥብቦታል።

መጠይቁ ከተበተነ በኋላ አንድ ጥያቄ የተሳሳተ ሆኖ ቢገኝ፣ ማንም ሳያውቅ አስተካክለው አይቀጥሉ። ያረሙበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግቡ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የመጡትን መልሶች ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ሁለቱንም አጻጻፎች ከውጤቱ ጋር ያትሙ። በሪፖርቱ ውስጥ እያንዳንዱ አኃዝ ከተገኘበት ጥያቄ ጋር፣ ቃል በቃል እንደተጠየቀ፣ ከነአማራጮቹና ከነቅደም ተከተሉ ይቀመጥ፤ መጠይቁም በአማርኛና በሌላው ቋንቋ እንደተዘጋጀ፣ ሌላ አጥኚ ወስዶ እንዲያሻሽለው ከሚፈቅድ ፈቃድ ጋር በጊትሃብ ላይ ይጫን።